ማዶ የሌለው ውኃ

በፎቶግራፉ ላይ አፌ ተከፍቷል። የቀሚሴን ጫፍ በሁለት እጄ ሰብስቤ ይዣለሁ፤ በእጥፋቱ ውስጥ ዛጎል ሞልቷል፤ ከኋላዬ ባሕርና ሰማይ ብቻ ነው ያለው። ፎቶውን ያገኘሁት ነቬ ኢታማር በሚባለው የናታንያ ክፍል ውስጥ፣ ማትናስ በሚሉት የሠፈር አዳራሽ፣ የመጣንበትን ዓመት ለማሰብ ከተሰቀሉት ሌሎች ፎቶዎች መካከል ነው። ከሥሩ በዕብራይስጥና በአማርኛ እንዲህ ተጽፏል፦ «ናታንያ፣ 1991። ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች ሕፃን ደስታ።»

«ይህን የጻፈው ማን ነው?» አልኩ። ጮኼ ኖሯል፤ ወንበር የሚደረድሩት ልጆች ዞረው አዩኝ።

ዝግጅቱን የምታስተባብረው ሊራዝ የምትባል ወጣት ናት። ወላጆቿ እንደ እኛው ከጎንደር የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ የተወለደች። «ከፎቶው ጋር እንዲሁ ነው የመጣልን» አለችኝ።

«ልጅቷ ደስ አላላትም።»

ጠጋ ብላ አየች። «እየሳቀች እኮ ነው።»

«እየሳቀች አይደለም። እኔ ነኝ፤ እኔ አውቃለሁ!»

ስለ እኛ የተጻፈ ብዙ ውሸት አይቻለሁ። ተሟግቼ ያስቀየርኩት አለ፤ ያላስቀየርኩት ይበልጣል። ይህ ግን የራሴ አፍ ነው። በራሴ አፍ ላይ የሌላ ሰው ሳቅ ለጥፈውበታል። ይህንና ሌላም ሌላም ለሊራዝ ነገርኳት፤ እሷ ምን አደረገች? ልጅቷ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ እስክሪብቶ አወጣች።

«ረጋ በይ እትዬ። በሴዴር፣ እሺ፣ እናስተካክለዋለን። ምን እያደረግሽ ነበር? ንገሪኝና ልጻፈው።»

አፌን ከፈትኩ። በአንድ መስመር የሚገባ አይደለምና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

*

ወደዚህ አገር የመጣነው ልንኖር መሆኑን አላውቅም ነበር። ለሽርሽር የመጣን ነበር የሚመስለኝ። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም፤ በሰባት ዓመት አእምሮዬ መርምሬ የደረስኩበት ነው፤ ዛሬ ምክንያቶቼን መለስ ብዬ ሳያቸው የሚናቁ አይደሉም። ጓዝ አልያዝንም። አዲስ አበባ ኤምባሲው ግቢ ስንደርስ ዕቃ አይገባም ተባለ፤ እናቴ ወንፊቷን እንኳ አጥር ሥር ትታ ነው አውቶቡስ የወጣችው። ላይመለስ የሚሄድ ሰው ወንፊቱን ጥሎ ይሄዳል? ደግሞ ያሳረፉን ሆቴል ነበር፤ ናታንያ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ ባሕሩ ከሥሩ የሚያንኳኳ ሆቴል። ሆቴል የሚያድር መንገደኛ ነው። መንገደኛ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ ከአውሮፕላን ወርደው መሬት ሲስሙና ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ ያም ቢሆን ሐሳቤን አላስለወጠኝም። ቅዱስ ቦታ የደረሰ ሰው መሬት ይስማል፤ ስሞ ሲያበቃ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ከሁሉ የበለጠው ምክንያቴ ግን ወንድሜ ነበር። ደጀን ከእኛ ጋር አልመጣም። እሱን ትተን ልንቀር አንችልም፤ ስለዚህ ልንመለስ ነው።

ደጀን ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ቀጭን፣ ጆሮው የቆመ፣ ነገር የማይለቅ ልጅ ነበር። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከአውቶቡሱ መስኮት ጣናን አየን፤ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስለ ውኃ ሁሉን የሚያውቅ እሱ ሆነ። አዲስ አበባ ተራችንን ስንጠብቅ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን እንጨቃጨቅ ነበር።

«አባ ቄስ ባሕር ማዶ የለውም ብለዋል» አልኩት።

«ማዶ የሌለው ውኃ የለም።»

«አለ!»

«አባ ቄስ ሄደው አይተውታል?»

«አላዩትም።»

«እንግዲያው ምን ያውቃሉ?»

በዚህ ይረታኛል። ከዚያ ይስላል፤ ሲስል መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሳሉ ሲያባራ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። አባቴ አዝሎት ወደ ሐኪም ቤት ሲወስደው እስከ ጠጠሩ መንገድ ተከተልኳቸው። «ሄጄ አየዋለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ከአባቴ ትከሻ ላይ አንገቱን አዞረ። «ምልክት ካላመጣሽ አላምንሽም!»

በመጨረሻ የሰማሁት ድምፁ ይህ ነው። አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ አንባቢን ማሞኘት አልወድም፤ የተሞኘሁት እኔ እበቃለሁ። ደጀን የሞተው አውሮፕላኖቹ በመጡበት ዋዜማ ነው። አባቴ ውድነህ ጠዋት ከሁለት ሰዎች ጋር ቀበረው፤ ከሰዓት በኋላ ኤምባሲው በር ላይ ከእኛ ጋር ተሰለፈ።

*

እናቴ ወርቅአፈራሁ ያን ጊዜ ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ ሆዷን በነጠላ ደግፋ ነው የምትራመደው። «ደጀንስ?» ስትለው አባቴ «ሐኪሞቹ ይዘውታል፤ በሚቀጥለው ይመጣል» አላት። እኔም ሰማሁ፤ አመንኩ።

አውሮፕላኑ ወንበር አልነበረውም፤ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። አባቴ ግን ከእኛ ጋር አልተቀመጠም። ጭራው ጋ ሄዶ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ጉልበቶቹን አቅፎ ተኮራመተ፤ ሰው ሲገፋው እየተሸማቀቀ ይሸሻል። የተቆጣኝ መሰለኝ፤ በምን እንዳስቀየምኩት ሳስብ ቆየሁ። ውኃ ሲታደል እናቴ ኩባያዋን ይዛ፣ በሰው ራስ ላይ ተንጠራርታ፣ ዘረጋችለት።

«እዚያው መሬቱ ላይ አስቀምጭልኝ» አላት።

አስቀመጠችው። ከዚያ ረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስክንወርድ ድረስ እንደዞረች ቀረች። ምጥ የጀመራት መስሎኝ ነበር።

ሆቴል ከገባን በኋላም አባቴ ከሰው ጋር አልበላም። ሰው ሁሉ አዳራሽ ወርዶ ያንን ነጭ አይብና ዱባ የመሰለ ነገር እያገላበጠ ሲሳሳቅ፣ እሱ ሰገነት ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ሆዴን አሞኛል ይላል። እጄን አይዝም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከገደሉ ወደ ባሕሩ በሚያወርደው ደረጃ ሲወርድ አየሁትና ተከተልኩት። እንደ ለበሰ፣ ከነጋቢው፣ ወደ ውኃው ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ደረቱ። ከዚያ ጠፋ። ሲወጣ ጨርቁ ገላው ላይ ተጣብቆ አዲስ የተወለደ ጥጃ አስመስሎት ነበር፤ ሳቅሁ። ደጋግሞ ገባ፤ ደጋግሞ ወጣ። አሸዋው ላይ ሲደርስ መጥቶ እጄን ያዘኝ። መዳፉ በረዶ ነበር።

«አባዬ፣ ዋና ለመድክ?»

«ለመድኩ።»

«ማዶው የታል?»

ወደ ባሕሩ ዞረ። ፀሐይ ከኋላችን ነበረች፤ ውኃው ዓይን ይወጋል። «አይታይም» አለ።

«የለውም በለኛ!»

«እንጃ ልጄ። የለውም መሰለኝ።»

ጎንበስ ብዬ ከእግሬ ሥር አንድ ዛጎል አነሳሁ፤ ጀርባው የተጨማደደ፣ ሆዱ እንደ ጥፍር የሚያብረቀርቅ። «ስንመለስ ለደጀን አሳየዋለሁ። ምልክት አምጪ ብሎኛል።»

አባቴ እጄን አጥብቆ ጨበጠው። «እሺ» አለኝ።

ዋና አልነበረም። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ይገለላል፤ ሲጨርስ በውኃ ይነጻል፤ የእኛ ሕግ ነው። አባቴ ልጁን በእጁ ቀብሮ፣ ለእኛ ሳይናገር፣ በአውሮፕላንና በሆቴል ግርግር ውስጥ ሕጉን ጠበቀ። ይህን በኋላ ስረዳ አከበርኩት። «እሺ» ያለኝን ግን ለረዥም ዘመን ይቅር አላልኩትም። ለልጅ መዋሸት እንክብካቤ ነው የሚል ሰው ዛሬም ፊቴ ቢቀመጥ እሞግተዋለሁ።

*

እናቴ የወለደችው በመጣን ሰሞን ነው፤ ሴት ልጅ። ሐኪም ቤት የነበረች ነርስ ኢናቭ ብላ ስም አወጣችላት፤ ማንንም አልጠየቀችም።

አገር ቤት አራስ ለብቻዋ ጎጆ አላት፤ ጎጆው ዙሪያውን በድንጋይ ይከበባል፤ ለሴት ልጅ ሰማንያ ቀን እስኪሞላ ከዚያ አትወጣም፣ ሰውም አይነካትም። ሆቴል ውስጥ ጎጆ ከየት ይምጣ? ቄስ አቻምየለህ፣ የመንደራችን ቄስ፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተከራክረው በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ክፍል አስለቀቁላት። ድንጋይ ስላልተገኘ ዘመዱ የሚባለው አስተርጓሚያችን የሆቴሉን ነጭ ፎጣ እንደ ገመድ ጠቅልሎ ደፉ ላይ አጋደመው። ፎጣው ድንበር ሆነ።

ዘመዱ ከእኛ ቀድሞ የመጣ ነው። በሱዳን በኩል በእግሩ ከመጡት ወገን ነበርና ሲያሾፍብን አይጣል። «እኛ በረሃ ስንቆራርጥ እግራችን አለቀ፤ እናንተ በአንድ ምሽት በርራችሁ ሆቴል ትተኛላችሁ፤ የዘመኑ ባላባቶች!» ይላል። ሰው ይስቃል። ልጆቹን የምትጠብቀው ደግሞ ኖጋ ናት፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ወጣት። እሷ ስለ እናቴ ክፍል ስትሰማ ፊቷ ቀልቶ መጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ቄሱ ፊት ቆማ እጇን ታወራጫለች።

«ምን ትላለች?» አሉ ቄስ አቻምየለህ።

«አባ፣ ወላድ ሴት ለምን አሰራችሁ ነው የምትል።»

«ያሰራት የለም፤ ኦሪት ነው በላት። ይህ የኦሪት አገር አይደለም እንዴ?»

ዘመዱ ጭንቅላቱን አከከ። «እንዲህ ብዬ ብተረጉመው ሁለታችንንም ነው የምታባርረን።»

«እንግዲያው አለስልሰህ በላት።»

ዘመዱ ወደ ኖጋ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥቂት ተናገረ። ኖጋ እጇን አወረደች። እኔን አየችኝ፤ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ዘመዱ ሰድቧት አስለቀሳት ብዬ ተቀየምኩት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኖጋ ከወጥ ቤት የሽንኩርት መረብ ከረጢት አምጥታ ሰጠችኝ፤ «ለጽዳፊም» አለችኝ፣ ዛጎል በእነሱ ቋንቋ ማለት ነው፤ ከዚያን ጊዜ ወዲያም ባሕር ዳር ስንወርድ ፊሽካዋን ነፍታ ሌሎቹን ልጆች ስትሰበስብ እኔን ብቻዬን ትተወኝ ነበር። ዘመዱ ያላት ይህን ነው፦ ልጇ ሞቷል፤ አልተነገራትም፤ አራስ ናት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። አራስ መርዶ አይነገራትም። ሐዘን ወተት ያደርቃል፤ ወተት ከደረቀ ሕፃኗም ትከተላለች። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ እናቴ ከአራስነት እስክትወጣ ማንም እንዳይናገር ተማማሉ። ሆቴሉ ሙሉ ሰው በየቀኑ በሯ ላይ ምግብ ያስቀምጣል፣ «እንዴት ዋልሽ» ይላታል፣ አፉን ይዞ ይመለሳል። ያልተነገረን እኛ ልጆች ነን፤ ልጅ ምስጢር አይችልምና። እና እናቴ።

*

ዛጎሎቼን መጀመሪያ ትራሴ ውስጥ ነበር የማኖራቸው። በነጋታው ክፍሉ ገማ። ቄስ አቻምየለህ በበሩ ሲያልፉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ከባሕር ነው አባ ቄስ። ለደጀን ነው።»

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ያን ጊዜ ቁጣ ነው ብዬ ነበር። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት ርኩስ ነው፤ ቤቱም ርኩስ ነው። አውጭው። እስኪመሽ የምግብ ዕቃ እንዳትነኪ።»

ከረጢቴን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አሰብኩ። ርኩስ ነገር የት ይቀመጣል? ሰው እንዳይነካው የተከለለ ቦታ። ሄድኩና ዛጎሎቼን በፎጣው ጠርዝ ላይ አንድ በአንድ ደረደርኳቸው። ማንም አልከለከለኝም።

ከዚያ ወዲህ ባሕር በወረድን ቁጥር ስመለስ በቀጥታ ወደ እማዬ በር ነው። በሩ ገርበብ ይላል። ውስጡ ይጨልማል፤ የወተትና የሕፃን ሽታ ይመጣል።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ፎጣውን እንዳታልፊ።»

«አላለፍኩም።»

«የዛሬው ምን ይመስላል?»

እነግራታለሁ። ይህ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ይህ ቀይ መሥመር አለበት፤ ይህ ቀዳዳ አለው፣ በክር ይንጠለጠላል።

«ለደጀን ምን ብለሽ ነው የምትሰጭው?»

«ይኸው ምልክት፣ ተረታህ፣ እለዋለሁ።»

«እሱስ ምን ይልሻል?»

ደረቴን ነፍቼ፣ ድምፄን እንደ እሱ አወፍራለሁ። «‹ይኸ እኮ የጣና ነው! አንች ጣና አያልቅብሽም!›» ከዚያ እንደ እሱ እስላለሁ። ሳሉን ሳላሳምር አላልፍም፤ ሳሉ ነበር ዋናው።

ከበሩ ወዲያ ድምፅ ይሰማል። ሳቅ ነበር የሚመስለኝ።

«ድገሚልኝ» ትላለች። «እንዴት ነበር የሚለው? ድገሚልኝ።»

እደግምላታለሁ። እናቴን በዚያ ክረምት ያሳቅኳት እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

*

ባራክ የሚባል ልጅ ነበር፤ ስሙን እዚሁ ነው ያወጡለት፤ የይታየው ልጅ ነው፣ በአጠገባችን ክፍል የሚኖሩት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከረጢቴን በማንኪያ ነካ ነካ አደረገው።

«ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትሰበስቢው?»

«ለደጀን። ስንመለስ ለእሱ ነው።»

«ወዴት ነው የምንመለሰው? ሞኝ። ደጀን እኮ ሞቷል። እናቴ ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ።»

በከረጢቱ ግንባሩን አልኩት። ዛጎል ሲሰበር ሰማሁ፤ ደም አየሁ፤ አዳራሹ ሙሉ ተነሳ። ዘመዱ «ያዟት! ወደ እናቷ እንዳትሄድ!» ሲል ሰማሁ፤ ለምን እንደዚያ እንዳለ ግን አልገባኝም፤ የሚገርፉኝ መስሎኝ በሰው እግር መሐል ሾልኬ ደረጃውን ወጣሁ። ከኋላዬ የአባቴ ባዶ እግር ወለሉን ሲመታ ይሰማኛል። ፎጣው ጋ ደርሼ ቆምኩ።

«እማዬ! ባራክ ደጀን ሞቷል አለኝ! በዛጎሌ መታሁት!»

አባቴ ደረሰ። እጁን አፌ ላይ ለማድረግ ዘርግቶ፣ እንደ ዘረጋ ቀረ። ተብሏል።

ከበሩ ወዲያ ሕፃኗ ስትጠባ ይሰማል፤ ጭቅ፣ ጭቅ። ጡት ከአፏ አልወጣም።

«ባራክ የማን ልጅ ነው?» አለች እናቴ።

«የይታየው።»

«አዲስ አበባ ሄዶ አይቶ መጣ?»

«አልሄደም።»

«እንግዲያው ምን ያውቃል? ዋሽቶ ነው።» ጭቅ፣ ጭቅ። «ዛጎሉ ተሰበረ?»

«አንዱ ተሰብሯል።»

«ነገ ሌላ ታመጫለሽ። ለወንድምሽ የተሰበረ አይወሰድለትም።»

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ወረደና በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ደረጃው አድክሞት ነው ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በነጋታው ሌላ አመጣሁ።

*

ሰማንያው ቀን ሲሞላ፣ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እናቴን አጅበው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ጸጉሯን ተላጭታ ነበር። ልብሷን ሁሉ አጠቡ፤ እሷም ገባች፣ ወጣች፣ ገባች፣ ወጣች። ፀሐይ ስትጠልቅ ነጭ ለብሳ ወደ እኛ ክፍል መጣች፤ ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈችኝ፤ ኢናቭን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልብስ ታጥቧል፤ እማዬ ከክፍሏ ወጥታለች፤ ሽርሽሩ አለቀ፤ ልንሄድ ነው። ዛጎሎቼን ከፎጣው ላይ ለቅሜ በከረጢቱ አሰርኳቸው።

ጠዋት ስነሳ ሆቴሉ ፊት ለፊት፣ ገደሉ ጫፍ ያለው ሣር ላይ፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ተሰብስቧል። ከሌላ ሆቴል ያሉት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ መጥተዋል። ሽኝት ነው አልኩ በልቤ። አውቶቡሱን በዓይኔ ፈለግሁት።

ቄስ አቻምየለህ እናቴን መሐል አስቀመጧት። አባቴ ፊቷ ቆመ። አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣለትም። እንደገና ሞከረ።

«ተወው ውድነህ» አለችው እናቴ። ቀና ብላ አየችው። «ውኃውን ከእጄ ያልተቀበልከኝ ዕለት አውቄዋለሁ።»

ከሥራችን ባሕሩ ሲመታ ይሰማ ነበር። አባቴ በጉልበቱ ወደቀ።

ዛሬ እናቴ ክፋር ዮና በምትባል ከተማ ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠይቄያታለሁ፤ እኔ ስጠይቅ በቁጣ ነው የምጠይቀው። ያን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ እንዴት ዝም አልሽ? «ካወቅሁ ማልቀስ አለብኝ» አለችኝ፤ «ካለቀስኩ ሕፃኗ ምን ትጠባለች? እነሱም ለእኔ ብለው ተጨንቀው ይዘውታል፤ እኔም ለእነሱ ያዝኩት። ደግሞ አንች ነበርሽ። በየቀኑ በሬ ላይ ቆመሽ ይላል፣ ይላል እያልሽ ታወሪኛለሽ። ከተረዳሁ በኋላ ልጄን እንደዚያ የሚያወራልኝ ሰው ከየት አመጣለሁ?» ተነስቼ ወጣሁ።

ሣሩ ላይ እናቴ ነጠላዋን አወለቀችና ዘረጋችው። በእኛ አገር ሲለቀስ የሟች ዕቃ ይወጣል፤ ልብሱ፣ በትሩ፣ የነካው ነገር ሁሉ መሐል ይቀመጣል፤ አልቃሽ በእሱ ዙሪያ ነው የሚዞረው። ሴቶቹ ባዶውን ነጠላ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ከደጀን ያመጣነው አንድ ክር አልነበረም። መቃብሩም እዚያ ነው።

«ባንች» ብላ በስሜ ጠራችኝ እናቴ። «የወንድምሽን ዕቃ አምጭ።»

የቱን ዕቃ?

«ዛጎሎቹን።»

ሮጥኩ። መረቡ ሳነሣው ስለተቀደደ በቀሚሴ ሰብስቤ ነው የተመለስኩት። ወደ ክቡ ስገባ ሴቶቹ እያለቀሱ እጃቸውን ወደ ቀሚሴ ዘረጉ፤ ከሁሉም አቅጣጫ እጅ መጣብኝ። ሊከፋፈሉት ነው! በዚህ ሁሉ ቀን የሰበሰብኩትን፣ መንገዱ ሲደርስ፣ ሊበትኑት ነው! ወደ ገደሉ ጫፍ አፈገፈግሁና ባለኝ ኃይል ሁሉ ጮህኩ።

«አትንኩ! የደጀን ነው!»

በዚያ ቅጽበት በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሰው ፎቶግራፍ አነሳ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ባሕር ዳር ተሰብስቦ አይቶ በዓል መስሎት ነው።

«አዎ» አለች እናቴ። ድምፅዋ በሯ ላይ ስቆም እንደምሰማው የለሰለሰ ነበር። «የደጀን ነው። ነይ አስቀምጭው።»

አስቀመጥኩት። ቄስ አቻምየለህ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው ትንሽ አየር ላይ ቆየ፤ ከዚያ አንዱን ዛጎል አንስተው በመዳፋቸው ላይ ያዙት። እስኪመሽ ርኩስ ሆኑ። «የደጀን ነው» አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ የደጀን ነው፣ የደጀን ነው እያሉ ደረታቸውን እየመቱ መዞር ጀመሩ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አውቶቡስ እንደማይመጣ ጭምር።

ማዶ አለው ያ ውኃ። በኋላ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ አይቻለሁ፤ በሁሉም በኩል ማዶ አለው። በክርክር ለማንም እጄን አልሰጥም፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ለደጀን ግን እሰጥ ነበር።

*

ሊራዝ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ነበር። ወንበር የሚደረድሩት ልጆች ቆመው ያዳምጡ ነበር መሰለኝ። ፊቷን ወደ ፎቶው አዞረች፤ አፌን ለረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ያንን ጽሑፍ ከመስታወቱ ሥር አወጣችና ገለበጠችው፤ ነጭ ጀርባውን ወደ ላይ አደረገች።

«ምን ልበል?» አለችኝ።

«የደጀን ነው፣ ብለሽ ጻፊ።»